ባዶ ሳህን ይዤ ዳታቤዝ ደጅ

ኮምፒውተር ያዘዙትን ብቻ ነው የሚሠራው ይላሉ። አይሠራም። ይህን የምለው በጥላቻ አይደለም፤ በሙያዬ ነው። ቤይሩት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ያዘዙትን መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያስረዳ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ያዘዟትን የምትሠራ ሴት «መስኮቱን ወልውዪ» ስትባል መስኮቱን ትወለውላለች። «ከሁለተኛው ቃል አጠገብ ስሕተት አለ» ብላ ባልዲውን አስቀምጣ አትቆምም። ብትቆም ማዳሟ ለኤጀንሲው ትደውላለች። ኮምፒውተሩ ግን ይቆማል፤ ለማን ተደውሎ እንደሚከሰስም አይታወቅም።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እኔ አንባቢ ነኝ። የማነበውም ማዳሞቼ የሚጥሉትን ነው። የሰው ዕውቀት የሚለካው በገዛው መጽሐፍ ሳይሆን በጣለው ነው የሚል እምነት አለኝ፤ በዚህ ሚዛን የሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ እጅግ የተማሩ ናቸው። ከቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ፍልስፍና አውጥቻለሁ፤ የንብ እርባታ አውጥቻለሁ፤ ሁለተኛው ቅጽ የሌለው የሮም ታሪክ አውጥቻለሁ። ሮም መውደቋን የማውቀው በወሬ ነው። አንድ ቀን ደግሞ የማዳሜ ልጅ፣ ኢንጂነሩ፣ የጣለውን እንደ ጡብ የከበደ የዳታቤዝ መጽሐፍ አገኘሁ። እንደ ልብ ወለድ አነበብኩት። ፍቅር የለበትም። ግን ከዳር እስከ ዳር «ይህን አምጣ፣ ያንን አስቀር፣ በተርታ ደርድር» የሚል ትእዛዝ ስለሆነ ቤቴ ያለሁ ያህል ተሰማኝ።

ማንበቤን ለራሴ ብይዘው ጥሩ ነበር። አልያዝኩትም።

የምናመልከው ዛልቃ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ የሶፋ መሸጫ ሥር በተከራየነው ምድር ቤት ነው። የአባላቱን መዝገብ የሠራው ወንድም ታምሩ ነበር፤ አገር ቤት ኮምፒውተር ተምሮ እዚህ መኪና ሲያጥብ የኖረ ሰው። ማን የት ትሠራለች፣ ስልኳ ስንት ነው፣ የደም ዓይነቷ ምንድን ነው፣ ሁሉንም በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ደሙንም በወሬ አልጻፈውም። አንድ እሑድ ነርስ አስመጥቶ የሁላችንንም ጣት አስወጋ። ያን ቀን እኔ «ሰውን እንደ ፍየል መርምሮ መመዝገብ ምን ማለት ነው» የሚል ረጅም ንግግር ጀምሬ፣ መርፌውን ሳየው ንግግሩን ሳልጨርስ ወደቅሁ። ጣቴን የወጉት ወድቄ ሳለሁ ነው። ስነቃ ውጤቱን ሊነግሩኝ ሲሉ አልሰማም ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። አቋም ማለት እንዲህ ነው።

ታምሩ ጠቅልሎ ወደ ሐዋሳ ሊመለስ ሲል «መዝገቡን ማን ይረከበኝ?» አለ።

«እኔ። መጽሐፉን አንብቤዋለሁ» አልኩ።

ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ መምህርት ሆነ። አሮጌዋ ላፕቶፕ በሞት አፋፍ ላይ ስለነበረች ታምሩ መዝገቡን በስጦታ ወዳገኘነው ሌላ ላፕቶፕ፣ ሌላ ዓይነት ዳታቤዝ ውስጥ አዛውሮልን ነበር የሄደው። «ዕቃው ያው ነው፤ ቤቱ ብቻ ነው የተለወጠው» አለኝ። ቤት መለወጥ «ብቻ» የሚባል ነገር እንዳልሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ያን ጊዜ ጭብጨባው ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ሺያህ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብራኝ የምትኖር፣ ከምእመናናችን ያልሆነች፣ ብርቱካን የምትባል ልጅ አለች። ማሕፀኗ ውስጥ ባለ እጢ ምክንያት ደሟ ሲፈስ ከርሞ በመጨረሻ ሐኪም ቤት ተኛች። ኦፕሬሽኑ ለሐሙስ ጠዋት ተያዘ። እዚህ አገር ደም የሚያመጣው የታማሚው ዘመድ ነው፤ ለጋሽህን ይዘህ ትመጣለህ፣ ካልያዝክ ትጠብቃለህ። የብርቱካን ደም ደግሞ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ ለሁሉ ይሰጣል፣ ከራሱ ዓይነት በቀር ግን ከማንም አይቀበልም። እንደዚህ ያለ ጠባይ ያላቸው ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁሉም ተጎድተዋል።

ረቡዕ ጠዋት ደወለችልኝ። «እስከ አሥር ሰዓት ለጋሽ ካልመጣ ተራዬን ለሌላ ይሰጡታል። ሐኪሙ ደግሞ ዓርብ ወደ ውጭ ይሄዳል አሉኝ።» ተራዋ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አልፏታል። ብርቱካን በታክሲ ውስጥ የማታውቀውን ሰው የምታስቅ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን አንድም ቀልድ አልጨመረችም። «እታለም፣ ሰው ፈልጊልኝ» ብቻ አለችና ዘጋችው።

መጀመሪያ በምእመናኑ የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ «የደም ዓይነቷን የምታውቅ አሁኑኑ ትጻፍልኝ» ብዬ ለጠፍኩ። ወዲያው ሰባ አራት «አሜን» መጣልኝ። አሜን የሚያሰኝ ነገር አልጻፍኩም። ከአሜኖቹ መካከል አንዷ «በበጉ ደም የታጠበ» ብላለች። አንዷ «ቀይ» ብላለች። ሦስቱ «ማዳሜ ታውቃለች» አሉ። በዚህኛው አልሳቅሁም፤ እውነት ነውና። ስንመጣ የመረመሩን ወረቀት ሁሉ ያለው ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው።

የቀረው መዝገቡ ነው። ቫን ይዤ ዛልቃ ወረድኩ። እህት አስቴር የምድር ቤቱን ቁልፍ ይዛ ጠበቀችኝ። እህት አስቴር የጸሎት ቡድናችን መሪ ናት፤ ሰፊ፣ ዝግተኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት። ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም፤ ሲከፈት ግን እጇን ትጭንበታለች።

«ይኼ ነገር ይፈጥናል?» አለችኝ።

«ሰከንድ ነው፣ እህት አስቴር። ያኒ፣ አንድ ሰከንድ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ታምሩ ትእዛዙን በደብተር ጽፎ ትቶልኛል። ወደ አማርኛ ቢመለስ እንዲህ ነው፦ ከአባላቱ መዝገብ ውስጥ የደም ዓይነታቸው እንትን የሆኑትን ስማቸውንና ስልካቸውን አምጣ። ጣጣው ያለው «እንትን» ላይ ነው። የሙያው ሰዎች ቫሪያብል ይሉታል፤ እኔ ባዶ ሳህን እለዋለሁ። ዛሬ ኦ ኔጌቲቭ ታስቀምጡበታላችሁ፣ ነገ ሌላ። በአሮጌው ዳታቤዝ ይኼ ሳህን የሚጻፈው በማዕዘን ቅንፍ ተከብቦ ነበር። ትእዛዙን ስትሰጡት ራሱ አንድ መስኮት ከፍቶ «የትኛውን ደም?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እናንተም ትነግሩታላችሁ። ጨዋ ነበር፤ አፈሩ ይቅለለው።

በአዲሱ ላይ ያንኑ ጻፍኩ።

«ምን አለ?» አለች አስቴር።

«ቅንፉ አጠገብ ስሕተት አለ አለ።»

«የማን ስሕተት?»

«አልነገረኝም።»

«ያሳየን እንግዲህ» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አልደነገጥኩም። ይኼን በሽታ አውቀዋለሁ። በመጀመሪያዋ ማዳሜ ቤት ሰማያዊው ስፖንጅ የብርጭቆ፣ ቢጫው የመጸዳጃ ቤት ነበር። ሁለተኛው ቤት ስገባ በቀድሞው ሕግ ቀጠልኩ፤ እዚያ ግን ተገላቢጦሽ ነበር። የዚያ ቤት ጌታ፣ የተከበረ የጥርስ ሐኪም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ውኃ የጠጣበትን ብርጭቆ በምን እንዳጠብኩት እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ አሁንም የስፖንጁ ቀለም ነው የተለወጠው አልኩና መጽሐፌን ገለጥኩ። ሳህኑን አንዱ ዳታቤዝ በሁለት ነጥብ ይጀምረዋል፣ ሌላው የጥያቄ ምልክት ብቻ ያደርግለታል፣ ሌላው የዶላር ምልክት፣ ሌላው ደግሞ በኢሜይል አድራሻ ውስጥ የምናውቀውን ያን ጅራቱ የዞረበት ምልክት። የትኛው የየትኛው እንደሆነ የሚናገረው ገጽ ላይ የማዳሜ ልጅ ኔስካፌ ደፍቶበታል። ለካ ለዚህ ኖሯል የጣለው።

«ዝርዝሩን ከፍተሽ ከላይ እስከ ታች ብናነበውስ?» አለች አስቴር።

«ሦስት መቶ ሰው ነው እኮ።»

«ታዲያ? መዝሙረ ዳዊትን በአንድ ቀን እጨርሰው የለ?»

«እህት አስቴር፣ ይኼ ዳታቤዝ ነው። ዳታቤዝ አይነበብም፤ ይጠየቃል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ስናገር ራሴን እንዴት እንደወደድኩት ልነግራችሁ አልችልም። ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ሁለት ነጥቡን አደረግሁ፤ ስሕተት አለ። የጥያቄ ምልክቱን አደረግሁ፤ ስሕተት አለ። ዶላሩ ላይ ብዙ ተስፋ ነበረኝ። በዚህ አገር ዶላር አይቶ የማይከፈት በር እስካሁን አላጋጠመኝም። ዳታቤዙ ግን «እንዲህ የሚባል ዓምድ አላውቅም» ብሎ መለሰልኝ።

«ዶላርም እምቢ አለ?» አለች አስቴር።

«እምቢ አለ።»

«እንግዲያስ የዚህ አገር ሰው አይደለም።»

ጅራታሙን ምልክት አደረግሁ። ስሕተት አለ አላለም። እልል ልል አፌን ከፍቼ የመለሰልኝን አየሁት። ባዶ። ዜሮ ሰው።

ስሕተት ሲሰድባችሁ ቢያንስ ትሳደባላችሁ። ባዶ ግን በጨዋነት ነው የሚገድለው። ከሦስት መቶ ሰው አንድም የለም፣ መርሲ፣ ደኅና ዋሉ። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ፤ ብርቱካን ናት።

«እታለም፣ አገኘሽ?»

«እየተገኘ ነው» አልኩ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል።

«ነርሷ መጥታ አልጋውን ለካች። ለሌላ ሰው መሰለኝ።»

«አልጋ ሁልጊዜ ይለካሉ» አልኩ፤ ስለ አልጋ አንድም ነገር ሳላውቅ። ስልኩን ዘግቼ የላፕቶፑ ማያ ላይ አፈጠጥኩ። የደብተሩን ትእዛዝ እንደገና ላክሁ። ዜሮ። በትሕትና ላክሁ። ዜሮ። ቁልፉን በኃይል መትቼ ላክሁ። ዜሮ።

አስቴር ወንበሯን አስጠግታ፣ «የትኛውን ደም ብለሽ ጠየቅሽው?» አለች።

«ኦ ኔጌቲቭ ነዋ።»

«የቱ ጋ ጻፍሽው?»

ማያውን አየሁ። ደብተሩን አየሁ። የትም አልጻፍኩትም። ያ ጨዋው አሮጌ ዳታቤዝ መስኮት ከፍቶ ይጠይቀኝ ስለነበር፣ ይኼኛውም እስኪጠይቀኝ እየጠበቅሁ፣ ሳህኑን ባዶውን ዘርግቼ ሁለት ሰዓት ስለምን ኖሬያለሁ። ባዶ ሳህን አቀረብኩ፤ ባዶ መለሰልኝ። ስለ ሮም ያነበበች ሴት።

ታምሩ ጋ መደወል ነበረብኝ። ይህን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን መምህርት የተባለ ሰው ተማሪ ሆኖ መደወል እንደምን ይከብደው መሰላችሁ። የራሴ ስልክ የሚያስደውል ካርድ ስለሌለው የአስቴርን ተቀበልኩ። ታምሩ ሐዋሳ ስልክ የሚጠግንበት ሱቅ ውስጥ ነበር፤ የሳህኑን ነገር ስነግረው ደንበኛ እያነጋገረ መለሰልኝ።

«ሳህኑን መጀመሪያ ሙዪዋ፣ መምህርት። በአንድ መስመር፣ ጅራታሙ ምልክት ያለበት ሳህን ይኼን ይሁን ብለሽ ታዢያለሽ። ከዚያ በሌላ መስመር ትጠይቂያለሽ።»

«አሮጌው ራሱ ይጠይቀኝ ነበር።»

«ይኼኛው አይጠይቅም። ታውቃለች ብሎ ነው የሚያስብሽ።»

«ልክ እንደ ሁለተኛዋ ማዳሜ።»

«እሷን አላውቃትም። ደንበኛ ቆሞብኛል፣ ያላ፣ ሞክሪ።»

ሞላሁት። ኦ ኔጌቲቭ ብዬ ሳህኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። ዳታቤዙ እሺ አለ። ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ እሺ ነው። ጣቴን ለሁለተኛው መስመር ሳነሣ ካህራባው ሄደ።

ለማያውቅ ልንገር፤ ካህራባ ማለት መብራት ነው፤ መሄድ ማለት ደግሞ ጠባዩ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ የሰጠን ሰው ቤት የቀረ ይመስል ድሮም አልነበረም። ጨለማ ውስጥ አስቴር «በስመ ኢየሱስ» ስትል ሰማኋት፤ የሰፈሩ ጄኔሬተር አጓርቶ መብራቱ ተመለሰ። ላፕቶፑን እንደገና አስነሣሁ። የሞላሁትን ሞልቻለሁ ብዬ ጥያቄውን ብቻ ላክሁ።

ዜሮ።

እንደገና ሐዋሳ። «ታምሩ፣ ሞልቼዋለሁ፤ ባዶ ነው የሚለኝ።»

«መቼ ነው የሞላሽው?»

«ካህራባው ሳይሄድ።»

«ኸላስ፣ ተደፍቷላ። ስትዘጊው ሳህኑም አብሮ ይደፋል። በገባሽ ቁጥር እንደ አዲስ ነው የምትሞዪው።»

«ይኼ ምን ዓይነት ቤት ነው?»

«ቤቱ ደኅና ነው፣ መምህርት። አዲስ ገቢዋ አንቺ ነሽ።»

ሞላሁ። ጠየቅሁ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አንዲት መስመር ብቅ አለች። ከሦስት መቶ ሰው አንዲት ሴት፦ ፋጡማ ሰይድ፣ ኦ ኔጌቲቭ፣ ከስልክ ቁጥሯ ጋር።

እኔና አስቴር ተያየን።

«ፋጡማ?» አለች። «እኛ ቤት ፋጡማ አለች እንዴ?»

«አዲስ ያመነች ትሆናለች።»

«አዲስ ካመነች እኔ ነኝ የማስተምራት። አላስተማርኳትም።»

«ስሙ ግን ለእኔ አዲስ አይደለም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ የሆነ ቦታ የማውቃት መሰለኝ። «አጠር ያለች፣ ቀጭን፣ ከኋላ የምትቀመጥ አይደለችም?»

«ከኋላ ተቀምጠሽ የምትከራከሪው አንቺ ብቻ ነሽ። ይልቅ ቁጥሩን ንገሪኝ።»

አነበብኩላት፤ በወፍራም ጣቷ አንድ በአንድ መታችው። የመጨረሻውን ቁጥር ስትመታ ስልኳን ከዓይኗ አራቀችና አተኩራ አየችው። በዚያው ጊዜ ወንበሩ ላይ ያለው ቦርሳዬ መጮህ ጀመረ።

«ቆይ፣ ብርቱካን ናት» ብዬ ወደ ቦርሳው ዞርኩ።

«ብርቱካን አይደለችም» አለች አስቴር። ስልኳን አዞረችልኝ። ማያው ላይ «መምህርት ክርክር» ይላል። እንዲህ ብላ ነው ለካ የመዘገበችኝ።

ቦርሳው ይጮኻል።

የራሴን ቁጥር በቃሌ ይዤው አላውቅም፤ ነገሩ ቀስ እያለ መጣልኝ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የላከኝ ደላላ መጀመሪያ ለኩዌት ብሎ ያወጣው ፓስፖርት ላይ ፋጡማ ሰይድ አደረገኝ። ኩዌት ቀረ፤ ስሙ አልቀረም። ማዳሜ ፓስፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበትና ሱዛን ብላ ጠራችኝ። ከቤቷ ስወጣ ፓስፖርቱንም ፋጡማንም እዚያው ጥዬ ወጣሁ፤ የቀረኝ አንድ የፓስፖርት ኮፒ ነበር፣ እሱንም እንዳይጠፋብኝ ለቤተ ክርስቲያን ፋይል ሰጠሁ። ታምሩ መዝገቡን ሲሠራ የእያንዳንዳችንን ስም ከኮፒው ላይ ነው የገለበጠው። ስንቶቻችን በዚያ መዝገብ ውስጥ በማናውቀው ስም እንደተኛን እግዚአብሔር ይወቅ።

«ፋጡማ» አለች አስቴር፣ በዚያ በማይነሣ ድምፅዋ።

«አቤት» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«ተነሺ፣ ሰዓቱ ሄደ።» የፓስፖርቴን ኮፒ ከፋይሉ መዝዛ ያዘች። ደረጃውን ስንወጣ፣ «ከላይ እስከ ታች እናንብበው ስልሽ» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ባለመጨረሷ ነው የገደለችኝ።

አውራ ጎዳናው ተዘግቶ ነበር። የተሳፈርንበት ቫን ሾፌር በጎን በጎን እየሾለከ ወሰደን። ያ የፈነዳው ወደብ ጋ ስንደርስ አስቴር እንደ ወትሮዋ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች፤ ካለፍነው በኋላ ነው ሰዓት የጠየቀችኝ። ዘጠኝ ከአርባ አምስት ላይ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ወረድን። ብርቱካን ኮሪደሩ ውስጥ፣ ልብሷን በፌስታል ይዛ ተቀምጣለች። አልጋውን በእርግጥም ለሌላ ሰው ለክተውት ኖሯል።

«ለጋሿ የታለች?» አለችኝ፣ ከኋላዬ እያየች።

«አለች» አልኩ። ከኋላዬ ግን ከአስቴር በቀር ማንም አልነበረም፤ እሷም በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። ብርቱካን ሳቀች፤ ስትስቅ አመማትና ፌስታሉን ሆዷ ላይ አቀፈችው።

ነርሷ ስሜን ጠየቀችኝ። «ፋጡማ» አልኩ፣ በኩራት። መርፌውን ስታወጣ የምትለውን ሳልሰማ ዓይኔን ጨፈንኩና፣ እንዳልወድቅ፣ በማውቀው አረብኛ ሁሉ የሮምን ታሪክ እነግራት ጀመር። የመጀመሪያውን ቅጽ ሳላጋምስ ከረጢቱ ሞላ። «ሐቢብቲ፣ ጨርሰናል» አለችኝ። «ሮም ግን አልወደቀችም እኮ» አልኳት። «አንቺም አልወደቅሽም» አለችኝ።

ተራዋ ተመለሰላትና ሐሙስ ጠዋት እጢው ወጣ። ዓርብ ልጠይቃት ስገባ ብርቱካን ከንፈሯ ቀለም አግኝቷል፤ ከጎኗ ካለችው ታማሚ ጋር ስለ መስኮቱ መከፈት ትነታረካለች።

«እታለም፣» አለችኝ፣ «ደምሽ ከገባብኝ ወዲህ ሰው የሚለው ሁሉ ስሕተት ይመስለኛል። ይኼ ነገር ይለቃል?»

«አይለቅም» አልኳት።

ቅዳሜ ምድር ቤቱ ገብቼ፣ ማንም ሳያየኝ፣ መዝገቡን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ኦ ኔጌቲቭ ተብሎ የተጻፈላት ፋጡማ ብቻ ናት። ታምሩ ነርስ ካስመጣበት እሑድ ወዲህ የገቡት ሁሉ የደም ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ በበጉ ደም የታጠበ፣ የተዋጀ፣ ደኅና ብለው አስሞልተዋል። እኔ ደግሞ እንደገና ለመስጠት ወራት መጠበቅ አለብኝ፤ የሚቀጥለው ታማሚ ግን እኔን አይጠብቅም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በየትኛውም ቤት፣ በየትኛውም ስም ያላችሁ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሄዳችሁ የደም ዓይነታችሁን ተመርመሩና በምትጠሩበትም በፓስፖርታችሁም ስም ጽፋችሁ ላኩልኝ። አሜን ብላችሁ ብቻ እንዳትልኩልኝ።